ሲኒው ሥር ያለችው ሴትዮ

ሰው ቤት ስጋበዝ ሰሃን የመገልበጥ አመል አለብኝ። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ጋባዦቹ ዞር እስኪሉ እጠብቅና ባዶውን ሰሃን አንስቼ ከሥሩ የታተመውን አያለሁ። እህቴ በጠረጴዛ ሥር እየረገጠችኝ "ደግሞ ጀመረሽ" ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ የሥራ አመል ነው። አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የሆቴል ሰሃን ወፍራምና ነጭ ነው፤ ቢወድቅ ቶሎ እንዳይሰበር፣ ቢሰበርም ማንም እንዳያዝንለት ተብሎ የሚሠራ ዕቃ ነው። እሱን ሳስገባና ሳወጣ እውላለሁ እንጂ ልቤ ያለው ሌላ ዓይነት ሰሃን ላይ ነው፤ ስሱ፣ በጥፍር ሲነካ የሚያቃጭለው፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት የያዙት ጣት በማዶ የሚታይበት።

ይህን ፍቅር ያሳደረብኝ እናቴ ሳሎን ያለው ቡፌ ነው። ከመስተዋት በሩ ጀርባ፣ እናቴ በእጇ በሠራችው ዳንቴል ላይ፣ የሻይ ሲኒዎች ተደርድረዋል። ደመና በመሰለ ግራጫ ቀለም ላይ ነጭ ዘንዶ ተጠምጥሞባቸዋል፤ አፋቸው ዙሪያውን ወርቅ ተቀብቷል። ዘንዶው እንዲሁ የተሳለ አይደለም። ቀለሙ በወፍራሙ ተደርቦ ስለደረቀ ቅርፊቱ በጣት ይዳሰሳል። ልጆች ሆነን ዓይናችንን ጨፍነን ከጭራው እስከ ራሱ እንዳብሰው ነበር። አንዲት የአባቴ አክስት ግን ሲኒው ገና ሲቀርብላት አማተበችና "ጊዮርጊስ የወጋውን አውሬ ነው እንዴ የምታጠጡኝ?" ብላ በብርጭቆ አስቀድታ ጠጣች።

ሲኒዎቹ የመጡት በባቡር ነው። ያኔ አሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ ሲገባ ጣቢያችን ላይ የሚወርደው ሰው ብቻ አልነበረም። በጅቡቲ በኩል የገባው ጨርቅም፣ ሽቶም፣ ሰሃንም ተሸሽጎ ይወርድ ነበር። አባቴ የጣቢያው ሠራተኛ ስለነበር ነጋዴዎቹ ቤታችንን ያውቁታል። አንድ ቀን አንዲት ነጋዴ በጭድ የታጨቀ ካርቶን አሸክማ መጣች። የጃፓን ዕቃ ነው፣ ለአሥራ ሁለት ሰው ነው፣ ማንቆርቆሪያም የስኳር ዕቃም አለው፣ ካርቶኑን ግን አልበትንም አለች። የእናቴ አቅም ለሙሉው አይበቃም። ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ተተክሎ ቀረ።

ይህን ሁሉ የአጥር ጎረቤታችን ልብስ ሲያሰጡ ይሰማሉ። እኚህን ሴትዮ እኛ ልጆች "አዮ" ነው የምንላቸው፤ በኦሮምኛ እናት የሚጠራበት ነው። አዮ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉና "ግማሹ የኔ" አሉ። ካርቶኑ እኛ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተፈታ። ሲኒዎቹ ከነማስቀመጫቸው እኩል ስድስት ስድስት ሆነው ተካፈሉ። ማንቆርቆሪያው ለእናቴ፣ ባለ ክዳኑ የስኳር ዕቃ ለአዮ ደረሰ። አንዷ ያለ ሌላዋ ሻይ በወጉ ማቅረብ የማትችልበት ክፍፍል ነበር። አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ዕቃው አጥር ይሻገራል። ለኢድ የእናቴ ግማሽ ወደ አዮ ቤት ይሄዳል፤ ለገናና ለፋሲካ የአዮ ግማሽ ወደ እኛ ይመጣል። ሥጋው በየቤቱ ለየብቻ ቢበላም ሻዩ ግን አንድ ላይ ነበር። በሰፈራችን ዕቃ የሚዋዋስ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ የቱ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ከሥሩ ኩቴክስ ይቀባል። አንድ የሰርግ ቤት ማጀት ገብታችሁ ሰሃኖቹን ብትገለብጡ የመንደሩ ሴቶች የጥፍር ቀለም በሙሉ እዚያ ነው። እናቴ ቀይ መረጠች፤ ቆጣቢ ስለሆነች ከየሲኒው ሥር ጠርዙ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ብቻ አኖረች። አዮ አረንጓዴ መረጡ፤ እሳቸው ደግሞ ሲያደርጉ በደንብ ነውና የሲኒውን ሥር ሙሉ በሙሉ ለቀለቁት። "ማንም እንዳይከራከረኝ" አሉ።

በዚህ ምክንያት በአዮ ሲኒዎች ሥር የምትታየው ሴትዮ ጠፋች። የእነዚያ ሲኒዎች ትልቁ ጉድ ይህ ነው፤ ባዶውን ሲኒ ወደ ብርሃን አንስታችሁ ወደ ውስጡ ብታዩ ከሥሩ የአንዲት ጃፓናዊት ፊት ብቅ ይላል። ፀጉሯ ወደ ላይ ተቆልሏል፤ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋለች። ሲኒውን ዝቅ ስታደርጉት የለችም። እኔና እህቴ የእናቴን ሲኒ በመስኮት ብርሃን እያየን "አለች፣ የለችም" ስንጫወት ስንት ጊዜ ተቆጥተንበታል። የአዮን ሲኒ ስናነሳ ግን አረንጓዴው ብርሃኑን ስለሚጋርደው ጨለማ ነው። "የእኔዋ ተኝታለች፣ አትቀስቅሷት" ይሉን ነበር።

ትልቅ ሰው ሆኜ ዕቃ ሥራዬ ከሆነ በኋላ የሴትዮዋን ምስጢር አነበብኩ። ቀለም የሚባል ነገር የላትም። ሸክላው ሲቀረጽ በቦታ በቦታው ስስና ወፍራም ተደርጎ ነው፤ በስሱ በኩል ብርሃን ያልፋል፣ በወፍራሙ በኩል ጥላ ይሆናል፣ ፊት የሚሆነውም ያ ነው። ይህን ነጭ ሸክላ መጀመሪያ ያወቁበት ቻይናዎች ናቸው። ሌላው ዓለም አሠራሩ ጠፍቶበት ብዙ ዘመን ሲገዛ ኖሯል፤ ነገሩ አንድ ዓይነት ነጭ አፈርና ኃይለኛ እሳት ነበር። በጥንቱ ሸክላ ላይ ሰማያዊ ሥዕል የበዛው ደግሞ ያን እሳት የሚችል ቀለም ጥቂት ስለነበረ ነው። ወርቅ አይችለውም። ወርቅ የሚቀባው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ከላይ ተቀብቶ በቀላል እሳት ይመታል። ስለዚህ ቀድሞ የሚለቀውም እሱ ነው። እናቴ ሲኒ በአመድ ወይም በሽቦ የሚያጥብ ሰው ስታይ ደም ሥሯ የሚገተረው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

እናቴ በሲኒዎቿ ትኮራ ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡፌውን ትከፍትና "ይኸው፣ ከባቡር ከወረዱበት ቀን ጀምሮ የእኔ አንድም አልተሰበረም" ትላለች። አዮ ካሉ ደግሞ ዓይኗን ወደ እሳቸው ወርወር አድርጋ "የአንዳንዱ ሰው እጅ ግን ቅቤ የተቀባ ነው" ትላለች። አዮ ይስቃሉ። እውነትም እሳቸው እጅ ላይ ዕቃ አይበረክትም፤ የሰበሩትን ብርጭቆ እኛም ሰምተን አንጨርሰውም። አንድም ቀን ግን መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም።

አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ ከግቢያችን አልፎ እስከ አዮ ደጅ ተተከለ። ከሩቅ የመጡት ለቀስተኞች እሳቸው ቤት አረፉ፤ ቡፌው ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያው ሄደ። ሲኒዎቹ ሳምንት ያህል ቆይተው ታጥበው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ተመለሱ። እናቴ ያኔ መሬት ላይ ከተነጠፈው ፍራሽ አልተነሳችም፤ ምን ገባ ምን ወጣ አታይም። ወደ ቡፌው የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ስድስቱም ነበሩ።

ከዚያ ለቅሶ ወዲህ የበዓል ሻዩ በየቤቱ ሆነና ዕቃው አጥር መሻገሩ ቀረ። ብዙ ዓመት አለፈና ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ አገባች። መልሱ እናቴ ቤት ስለነበር እናቴ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራ ስለ ሻዩ ታስባለች። አማቾቿ የሚጠጡት በዘንዶው ሲኒ ነው፣ ሙሉው አሥራ ሁለቱ ይቀርባል፣ አለቀ። የአዮን ግማሽ እንዳመጣ ላከችኝ። አዮ በር ላይ ቆመው ሰሙኝና እጃቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ "ታሽጓል በያት" አሉኝ።

"ምኑ ነው የታሸገው?"

"ሲኒው። ልጄ ጋ አዳሚ ቱሉ ልገባ ነው፣ ቤቱን ልንሸጠው ነው። ዕቃዬን አስሬያለሁ።"

እናቴ ይህን ስትሰማ የተቀመጠችበት ደርቃ ቀረች። አንድ ካርቶን መፍታት አቅቷት ነው? ደግሞስ ከሰፈር መልቀቋን የምሰማው በሲኒ ምክንያት ነው? ይህን ጮክ ብላ ነው ያለችው፣ አጥሩም ድምፅ የሚያግድ አጥር አይደለም። ለመልሱ ስድስቱን ሲኒዎች ለአማቾቹ፣ እኔ ከሆቴል የተዋስኩትን ብርጭቆ ለቀረው እንግዳ አቀረብን። አዮ መጥተው ነበር፤ ጥግ ላይ ተቀምጠው አጨበጨቡ፣ እናቴ ግን አጠገባቸው አልደረሰችም። በማግስቱ በሁለቱ ግቢ መካከል ያለችውን ትንሽ በር በቁልፍ ቆለፈችው።

ወራት አለፉ። እንደተኳረፉ የቤቱ ሽያጭ አለቀና መኪናው እሑድ ጠዋት ሊመጣ ሆነ። ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ሁለት ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ አጥር ኖረው ደህና ሁኚ ሳይባባሉ ሊለያዩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዘንድ ሄድኩና "እማዬ፣ ሄደሽ ተሰናበቻት" አልኳት።

"ለልጄ ሰርግ ሲኒ የነፈገችኝን ሴት?"

"ሲኒ ነው እኮ።"

"ለእኔ ሲኒ አይደለም" አለች። ተነስታ ቡፌውን ከፈተችና ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አወጣች። "ውሰጂልኝ። ግማሽ ዕቃ ቤቴ እንዲቀመጥ አልፈልግም።"

አልተከራከርኳትም። በሳፋ ለብ ያለ ውኃ ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ማጠብ ጀመርኩ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ በረንዳውን ሞልታዋለች። ያጠብኩትን የመጀመሪያውን ሲኒ በልጅነት ልማዴ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ሴትዮዋ አለች፤ ያው አንገቷን ዘንበል አድርጋ። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ የለችም። ሦስተኛውም ጨለማ ነው። እነዚህን ሲኒዎች ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ብርሃን ያነሳኋቸው ልጅ ሆኜ ነበር፤ ያኔ የእናቴ ሲኒ አንድም የጨለመ አልነበረውም። ስገለብጠው ሥሩ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ነው። የእናቴ ምልክት ግን የምስር ፍሬ ናት፤ ቀይ መሆኑን እንጂ ስፋቱን ለካ ማናችንም አላስተዋልንም። ቀዩም ራሱ ሌላ ቀይ ነው፣ ጠቆር ያለ።

ቦርሳዬ ውስጥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ነበረኝ። ጥጥ ነክሬ ቀዩን ጠረግኩት። ጥጡ ቀላ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ። ሁለተኛውን ጠረግኩ፣ ያም ከቀዩ ሥር አረንጓዴ ነው። ከስድስቱ አራቱ እንደዚያው ነበሩ።

"እማዬ፣ ነይ እስቲ" አልኩ።

እናቴ መጥታ ከላዬ ቆመች። አረንጓዴ የነካውን ጥጥ ከእጄ ተቀብላ አየችው፣ ሲኒውንም አየችው። ቶሎ የሚገባት ሴት ናት።

"እነዚህ የእሷ ናቸው" አለች። "የእኔዎቹስ የት ሄዱ?"

ነጠላዬን አምጪልኝ አለች። ከጠረግኳቸው ሲኒዎች አንዱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ትንሿ በር ሄደች። ቁልፉ ዝጎ አልከፍት አለ። ታገለችው፣ ረገመችው፣ መጨረሻ ላይ እኔ ከፈትኩት።

የአዮ ሳሎን ባዶ ነበር። አዮ በገመድ በታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ "አካም ጂርታ" አለቻቸው፤ ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው። አዮ ከፍራሹ ፈቀቅ ብለው "ኮቱ፣ ታኢ" አሉና፣ ነይ ተቀመጪ ማለታቸው ነው፣ ቦታ ሰጧት። እናቴ ጎናቸው ተቀመጠች። ሲኒውን ገልብጣ አረንጓዴው ወደ ላይ እንዲታይ አድርጋ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

አዮ ሲኒውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አንቺ ነሽ የፋቅሽው?" አሉኝ። "ሆቴል የቀጠሩሽ ለዚህ ነው?"

"መቼ ነው?" አለች እናቴ።

አዮ የሲኒውን ጆሮ በአውራ ጣታቸው አሻሹት። "በሠልስቱ ዕለት" አሉ። "ትሪውን ይዤ ለእንግዶቹ ሳመጣ የድንኳኑ ገመድ ጠለፈኝ። አራቱ እዚያው አለቁ። ደግነቱ አንቺ አልሰማሽም፣ ትጮሂ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ባልሽን ቀብረሽ መሬት ላይ ተቀምጠሽ፣ ሲኒሽ ተሰበረ ብዬ ልንገርሽ?"

አዮ አንዴ ጀምረውታልና ቀጠሉ። ከራሳቸው ሲኒዎች አራቱን አነሱ፤ አረንጓዴው በውኃ አልለቅ ስላላቸው ከሱቅ ቀይ ገዝተው ከላይ ደረቡበት፤ ሽታው እስኪጠፋ ብለው ነው ሳምንት ያቆዩት። ሊነግሯት አስበው ነበር። ከዓመት በኋላ እናቴ ከሐዘኗ ቀና ብላ መጀመሪያ ቤቷ እንግዳ የጠራች ቀን ሊነግሯት መጡ። "ቡፌውን ከፍተሽ 'የእኔ አንድም አልተሰበረም' አልሽ" አሉ። "ባልሽ ከሞተ ወዲህ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። እንዴት አድርጌ ልናገር?"

ከቀሩት ሁለት የራሳቸው ሲኒዎች አንዱን ደግሞ በቅቤ እጃቸው ሰበሩት። ስለዚህ እህቴ ስታገባ አሥራ ሁለት የሚሞላ ነገር አልነበረም፤ እናቴ እነሱን ፍለጋ ስትልክ አብዛኞቹ የገዛ ቡፌዋ ውስጥ ተቀምጠዋል።

"ታዲያ ያኔ እንኳ ብትነግሪኝ ምን አለበት?" አለች እናቴ። "ታሽጓል ከምትይኝ።"

"በሰርግሽ ቀን የለቅሶሽን ወሬ ላምጣልሽ?"

"እኔ እኮ ንፉግ ናት እያልኩ ሳማሽ ከረምኩ።"

"ሰምቻለሁ" አሉ አዮ። "በአጥሩ ሁሉም ይሰማል።"

እናቴ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተበላሽቶ ልቅሶ ሆነ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀች። አዮ ጀርባዋን በእጃቸው እየመቱ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ያጉተመትማሉ። እኔም በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ለአባቴ ይሁን ለእነሱ አልለየሁትም።

ያን ምሽት ሻይ የጠጣነው እዚያ ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ ካርቶን ጠረጴዛ አድርገን ነው። ሲኒዎቹንና ማንቆርቆሪያውን ከእኛ ቤት አመጣሁ። አዮ የስኳር ዕቃውንና አንድ የቀረቻቸውን ሲኒ ከታሰረ ጨርቅ ውስጥ ፈትተው አወጡ። እናቴ አሴቶኑን ተቀብላኝ ምልክት የሚባለውን ሁሉ ከየሲኒው ሥር ጠረገች፣ አረንጓዴውንም የራሷን የምስር ፍሬም። አዮ አንዱን ሲኒ ወደ አምፖሉ አነሱትና ብዙ ጊዜ ትክ ብለው አዩት።

"ለካ ወጣት ናት" አሉ። "እኔ ሁልጊዜ እንደ እኛ አሮጊት ትመስለኝ ነበር።"

ጠዋት መኪናው ላይ ዕቃ ሲጫን እናቴ ሲኒዎቹን ጠቅልላ አቀረበች። አዮ አልወስድም አሉ። የልጃቸው ቤት የልጅ ልጅ የሞላበት ነው፣ እዚያ ሲኒ ሳምንት አይቆይም። ጉተታው ሲበዛ ሾፌሩ ጡሩምባ መንፋት ጀመረ። መጨረሻ ላይ ማንቆርቆሪያውን ብቻ ይዘው ለመሄድ ተስማሙ፤ የስኳር ዕቃው እናቴ ዘንድ ቀረ፣ አዮ ያቺን የቀረቻቸውን አንዷን ሲኒም ጨመሩላት። ማንቆርቆሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። እናቴ መኪናው አስፋልቱን ይዞ ወደ ሞጆ መንገድ እስኪታጠፍ ደጅ ቆማ ቀረች።

አሁን እናቴ ቡፌውን አትቆልፈውም። ሻይ የምትጠጣው በዘንዶው ሲኒ ነው፤ ማንቆርቆሪያው ስለሌለ ከኩሽናው የብረት ማንቆርቆሪያ ትቀዳበታለች። ባለፈው ሰሞን ሊጠይቃት የመጣ ዘመዳችን ይህን አየና "ያ የሚያምረው ማንቆርቆሪያስ? ተሰበረ እንዴ? የእኔ ዕቃ አይሰበርም ትይ አልነበር?" አላት።

እናቴ ስኳሩን እያማሰለች ነበር።

"ማንቆርቆሪያው አዳሚ ቱሉ ነው" አለች። "የእኔ ሲኒዎች ግን በባሌ ሠልስት ዕለት ተሰብረዋል። የምትጠጣበት የጎረቤቴ ነው።"